በጠጣርና በፈሳሽ መካከል፤ የቴሌቪዥን መስኮትና ረቂቁ የካርቦን ቱቦ

በእጅ ሰዓት ላይ ቁጥር ሆኖ የሚታየን፣ በካልኩሌተር ላይ ድምርን የሚገልጥልን፣ በግቢ ግድግዳ በተሰቀለው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ላይ የቀረውን ሒሳብ የሚነግረን፣ በየሳሎኑም በቆመው ሰፊ የቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ ሥዕልን የሚያመላልስልን ጥበብ፣ ምንም እንኳ ውጫዊ መልኩ እጅግ የተለያየ ቢሆን፣ በብዙው ዘንድ ውስጣዊ ባሕርዩ አንድ ነው። ይኸውም በሁለት ስስ መስተዋቶች መካከል የተዘረጋ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ ውፍረቱ 4 ማይክሮን ያህል ብቻ የሆነ፣ ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ አራት ጊዜ ተደራርቦ የሚያህለው፣ ፈሳሽ ነው እንዳይሉት በውስጡ የጠጣር ሥርዓት የሰፈነበት፣ ጠጣር ነው እንዳይሉት እንደ ዘይት የሚፈስ አንድ ረቂቅ ነገር ነው፤ ሊቃውንት ፈሳሽ ክሪስታል ይሉታል። ብርሃንን በራሱ የሚያፈልቅ ሌላ ዐይነት መስኮት በቅርብ ዘመን ተነሥቶ ከዚህ ጥበብ ጋራ እየተፎካከረ ቢሆንም፣ በዓለም ላይ ሰው ዐይኑን ከሚጥልባቸው መስኮቶች እጅግ የሚበዙት ዛሬም የዚህ መካከለኛ ፍጥረት አገልጋይነት አልተለያቸውም። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ስለዚሁ ፈሳሽና፣ ጉድለቱን ለማቃናት በሚዛን ላይ እንኳ እምብዛም በማይታወቅ መጠን ስለሚጨመርበት የካርቦን ቱቦ ነው።

የነገሩ ጥንት ከቴሌቪዥን ጋራ አንዳች ዝምድና አልነበረውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓመት ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር የተባለ የኦስትሪያ ተወላጅ የዕፀዋት ሊቅ፣ በፕራግ ከተማ ሆኖ ከካሮት ያወጣውን ኮሌስትሮል ሲመረምር፣ ከዚሁ የተሠራ አንድ ነጭ ዱቄት ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ መስሎ ታየው። ሙቀቱ 145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ዱቄቱ ቀልጦ ደፍራሳ ፈሳሽ ሆነ፤ ማንም ሰው ነገሩ በዚህ አበቃ ሊል ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሙቀቱ 178.5 ዲግሪ ሲደርስ ያ ደፍራሳው ፈሳሽ በአንድ ጊዜ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ራይኒትሰር የተማረው ሁሉ አንድ ንጹሕ ነገር አንድ የመቅለጫ ሙቀት ብቻ እንዳለው ይነግረው ስለነበር፣ ያየውን ከመካድ ይልቅ ከእርሱ ለሚበልጥ አዋቂ ለመግለጥ መረጠ፤ የሚሞቅ ማይክሮስኮፕ በእጁ ለነበረው ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ደብዳቤ ጻፈ፤ የመረመረውንም ነገር ላከለት። ሌማንም በማይክሮስኮፑ ሥር ፈሳሹ ብርሃንን እንደ ክሪስታል ሲከፍለው አይቶ፣ ይህ ቅልቅል ወይም እድፍ ያለበት ነገር አይደለም፣ የሚፈስ ክሪስታል ነው ብሎ መሰከረ። ከሊቃውንት ወገን ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ጉስታቭ ታማንን የመሰሉ ስመ ጥር ሰዎች ነገሩ እንደ ወተት የሁለት ነገሮች ድብልቅ ከመሆን አያልፍም እያሉ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩት። ፈረንሳዊው ዦርዥ ፍሪዴል በ1922 እነዚህን ፈሳሾች በየወገናቸው ለይቶ ሥርዓታቸውን እስኪጽፍ ድረስ ጠቡ ፈጽሞ አልበረደም።

ሌማን የመሰከረለትን ሥርዓት ለመረዳት፣ በበዓል ሌሊት ማኅሌት የቆሙ መዘምራንን ማሰብ ይበቃል። እያንዳንዱ ዘማሪ መቋሚያውን ይዞ ከስፍራው ይወጣል፣ ይገባል፤ ወደ ባልንጀራው ይጠጋል፣ ከባልንጀራው ይርቃል፤ ይሁን እንጂ መቋሚያዎቹ ሁሉ በአንድ ወገን ያዘነብላሉ፣ በአንድ ወገንም ይመለሳሉ። የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ርዝመታቸው ወደ 2 ናኖ ሜትር የሚጠጋ፣ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊዮን ተከፍሎ ሁለቱን እጅ የሚያህል፣ ቀጫጭንና ረዣዥም በትሮች ሲሆኑ፣ ስፍራቸውን እንደ ፈሳሽ በነጻነት ይለዋውጣሉ፣ አቅጣጫቸውን ግን እንደ ክሪስታል በኅብረት ይጠብቃሉ። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኅብረቱ ይፈርሳል፤ ራይኒትሰር በ178.5 ዲግሪ ያየው መጥራት የዚሁ ኅብረት መፍረስ ነበር።

ሥርዓቱ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚታዘዝ መሆኑ ለሰው ጥቅም የዋለበትን በር ከፈተ። ሩሲያዊው ቭሴቮሎድ ፍሬደሪክስ በሌኒንግራድ ባደረገው ምርመራ፣ በሁለት መስተዋት መካከል የተኛው ፈሳሽ ኀይሉ ከአንድ ወሰን በታች ሲሆን ንቅንቅ እንደማይል፣ ወሰኑን ሲያልፍ ግን ሞለኪውሎቹ ተነሥተው ወደ ኀይሉ አቅጣጫ እንደሚዞሩ አስረዳ፤ ያም ወሰን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ ሰው በ1936 በግፍ ታስሮ በ1944 ዓለምን ሲሰናበት፣ የደከመበት ነገር በቢሊዮን የሚቈጠር ሰው የሚያየው መስኮት ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም። በ1968 በአሜሪካ አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ ባልደረባ ጆርጅ ሃይልማየርና ጓደኞቹ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ የመጀመሪያውን ማሳያ ለሕዝብ ገለጡ፤ በ1973ም የጃፓኑ ሻርፕ በዚሁ ጥበብ የሚሠራ የኪስ ካልኩሌተር ለገበያ አቀረበ። ለዘለቄታው የጸናው ዘዴ ግን ቮልፍጋንግ ሄልፍሪኽና ማርቲን ሻት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በ1970 መጨረሻ ለባለቤትነት መብት ያስመዘገቡት ነው።

የዘዴውም አሠራር እንዲህ ነው። ሁለቱ መስተዋቶች በውስጥ ፊታቸው በአንድ አቅጣጫ የተፈተገ ስስ ልባስ አላቸው፤ የአንደኛው ፍትገት ከሁለተኛው ጋራ መስቀል የሚሠራ ስለሆነ፣ በመካከል ያሉት ሞለኪውሎች ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ ቀስ በቀስ እየዞሩ 90 ዲግሪ ይጠመዘዛሉ። ከውጭ ደግሞ ብርሃንን በአንድ ወገን ሲወዛወዝ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ፖላራይዘሮች እንዲሁ በመስቀል ይለጠፋሉ። ከኋላ የሚመጣው ብርሃን የሞለኪውሎቹን ጥምዝ ተከትሎ አብሮ ስለሚዞር በሁለተኛው ፖላራይዘር ያልፋል፤ ነጥቡም ብሩህ ይሆናል። ጥቂት ቮልት ሲሰጠው ሞለኪውሎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ጥምዙ ይፈታል፤ ብርሃኑም መንገድ አጥቶ ይቀራል፤ ነጥቡ ይጠቁራል። እንግዲህ ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ ብርሃን የለውም፤ ሥራው የበረኛ ሥራ ነው፤ አንድ ሰፊ መስኮት በሚሊዮን የሚቈጠሩ በረኞች አሉት፤ እያንዳንዱም በየሰከንዱ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ አዲስ ትእዛዝ ይቀበላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በፈሳሹ በራሱ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፈሳሾች ወይ በከፍተኛ ሙቀት ብቻ የሚሠሩ፣ ወይም በእርጥበትና በብርሃን ቶሎ የሚበላሹ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ጆርጅ ግሬይ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠራቸው ሳያኖባይፌኒል የተባሉ ሞለኪውሎች ይህን ችግር ፈቱት፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ስሙ በአጭሩ አምስት-ሲ-ቢ የሚባለው፣ ከ24 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የክፍል ሙቀት ውስጥ ሥርዓቱን ጠብቆ ይኖራል። ይህም ወሰን ለአንድ ሰዓት እንኳ ጠባብ ነበርና፣ ፒተር ሬይንስ በሞልቨርን የምርምር ተቋም ውስጥ አራት ዐይነት ዘመዳሞች ሞለኪውሎችን በልክ በልክ አዋሕዶ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚያገለግል ኢ-ሰባት የተባለ ቅይጥ ሠራ። እኔ ይህን ታሪክ የማነሣው በከንቱ አይደለም፤ ዛሬ የካርቦን ቱቦ በፈሳሹ ላይ መጨመርን እንደ እንግዳ ድፍረት የሚያዩት ሰዎች፣ ፈሳሽ ክሪስታል ከመጀመሪያው ጀምሮ ብቻውን በንጽሕና ያገለገለበት ጊዜ እንደሌለ፣ በቴሌቪዥን ውስጥ የሚፈሰውም የብዙ ነገሮች ውሕደት መሆኑን ቢያስተውሉ መልካም ስለሆነ ነው።

ውሕደቱ ይህን ያህል ቢራቀቅም ሁለት ጽኑ ደዌዎች አልለቀቁትም። አንደኛው ዝግታ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲሰጥ ሞለኪውሎቹ ተገፍተው በፍጥነት ይነሣሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን የሚገፋቸው የለምና፣ በገዛ ራሳቸው የመለጠጥ ኀይል ብቻ ተመልሰው እስኪተኙ መጠበቅ ግድ ነው። ይህ የመመለሻ ጊዜ ፈሳሹ ዝልግልግ በሆነ መጠን ይረዝማል፣ የመለጠጥ ኀይሉ በበረታ መጠን ያጥራል፣ በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር ደግሞ ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ያድጋል። በሰከንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ መስኮት ለእያንዳንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስላለው፣ ሞለኪውሎቹ ከዚህ ቢዘገዩ ያለፈው ሥዕል ከመጣው ጋራ ይደራረባል፤ በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ኳሷ ጭራ እንዳላት ሆና የምትታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ብርድ ሲበረታ ዝልግልግነቱ ስለሚጨምር ነገሩ ይብሳል።

ሁለተኛው ደዌ ከዚህ ይልቅ ስውር ነው፤ አዮን ይባላል። ፈሳሹ የቱንም ያህል ቢጣራ፣ ከመሥሪያው ቅሬታ፣ መስተዋቶቹን ዙሪያውን ከሚያጣብቀው ሙጫ፣ ከውስጥ ልባሱም ጭምር እየሰረጉ የሚገቡ የኤሌክትሪክ ጭነት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አይጠፉበትም። ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ፖዘቲቩ ወደ ኔጌቲቩ፣ ኔጌቲቩም ወደ ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ ይሸሻል፤ በዚያም ተከማችተው ከውጭ የታዘዘውን ኀይል የሚቃወም ሌላ ኀይል በውስጥ ይፈጥራሉ። ከዚህ የተነሣ ሞለኪውሉ የሚደርሰው ትእዛዝ ከተላከው ያነሰ ይሆናል፤ መስኮቱ ይርገበገባል፤ ለረጅም ሰዓት የቆመ ሥዕልም ከተለወጠ በኋላ እንኳ ጥላው እንደ ማኅተም ቀርቶ ይታያል። ፋብሪካዎች የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በየጊዜው እየገለባበጡ መስኮቱን የሚነዱት ክምችቱን ለማስታገሥና ፈሳሹ በኤሌክትሪክ እንዳይፈርስ ለመጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ማስታገሥ እንጂ መፈወስ አይደለም።

የካርቦን ቱቦ ወደዚህ ታሪክ የገባው ከሌላ መንገድ መጥቶ ነው። ከካርቦን የተሠሩ ባዶ ክሮች ከዚያ በፊት በሩሲያም በጃፓንም ታይተው የነበረ ቢሆንም፣ ዓለም ልብ ብሎ ያያቸው ሱሚዮ ኢጂማ በጃፓን አገር በጽኩባ ከተማ፣ በኤን ኢ ሲ ኩባንያ የምርምር ክፍል ሆኖ በ1991 ያወጣውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ነው። ኢጂማ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያያቸው ቱቦዎች፣ ከ2 እስከ 50 የሚደርሱ ግድግዳዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰክተው የተሠሩ ነበሩ፤ በ1993 ደግሞ እርሱና በአሜሪካ የሚገኙ ሌሎች ተመራማሪዎች በአንድ ወቅት ባለአንድ ግድግዳውን ቱቦ አገኙ። በእርሳስ ውስጥ የምናውቀው ግራፋይት የካርቦን አተሞች ስድስት ስድስት ሆነው ቀለበት እየሠሩ የተያያዙበት ስስ ንጣፍ በንጣፍ ነው፤ ከእነዚህ ንጣፎች አንዱ ተጠቅልሎ ጫፉ ከጫፉ ሲገጥም የካርቦን ቱቦ ይሆናል። ባለአንድ ግድግዳው ወርዱ አንድ ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ርዝመቱ አንድ ማይክሮንና ከዚያ በላይ ስለሚሄድ፣ ከወርዱ ሺሕ እጥፍ ይረዝማል። ጥንካሬው ከብረት ይበልጣል፤ አጠቃለሉም እንደሚሆነው ሆኖ አንዱ እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፣ ሌላው በትራንዚስተር ውስጥ እንዳለው ሲሊከን በከፊል ያስተላልፋል።

ረዥምና ቀጭን ነገር በፈሳሽ ክሪስታል ውስጥ ቢጨመር የፈሳሹን ባሕርይ ሊያጸና ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን ከቱቦው መገኘት ይቀድማል። ኋላ በ1991 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ፈረንሳዊው ፒየር-ዢል ደ ዤን ከፍራንሷዝ ብሮሻር ጋራ በ1970፣ ረዣዥም የማግኔት ቅንጣቶች በፈሳሽ ክሪስታል ውስጥ ቢበተኑ ቅንጣቶቹና ሞለኪውሎቹ አቅጣጫቸውን ተጋግዘው እንደሚጠብቁ በሒሳብ አሳይተው ነበር። ቱቦው በተገኘ ጊዜ ይህን ትንቢት የሚፈጽም ባሕርይ በእጁ ይዞ መጣ። በ2002 ሊንችና ፓትሪክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ቱቦዎቹ በፈሳሹ ውስጥ ሲገቡ ያለ ሌላ አስገዳጅ ከሞለኪውሎቹ ጋራ ትይዩ ሆነው እንደሚሰለፉ አሳዩ፤ በ2004ም በማንችስተር የነበረው ኢንጎ ዲርኪንግ ከባልደረቦቹ ጋራ፣ ሞለኪውሎቹን በኤሌክትሪክ ሲያዞሯቸው ቱቦዎቹም አብረው እንደሚዞሩ መሰከረ። በመጀመሪያ የተፈለገው በፈሳሹ አማካይነት ቱቦዎቹን ማሰለፍ ነበር፤ ቱቦዎቹ ለፈሳሹ ምን ይጠቅማሉ የሚለው ጥያቄ በጽኑ የተነሣው ከዚህ ተከትሎ ነው።

ሁለቱ የሚዋደዱበት ምክንያት በአካላቸው ተጽፎ ይገኛል። የሳያኖባይፌኒል ሞለኪውል ልቡ ሁለት የካርቦን ቀለበቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ስድስት አተም አለው። የቱቦውም ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ከዚሁ ባለስድስት ቀለበት የተሠራ ነው። ስለዚህ ሞለኪውሉ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ቀለበቱ በቀለበት ላይ ይነጠፋል፤ በቀለበቶቹ ላይ የሚንሳፈፉት ኤሌክትሮኖችም ተሳስበው በጽኑ ያስሩታል። አንድ ማይክሮን ርዝመት ያለው ቱቦ፣ 2 ናኖ ሜትር የሚረዝሙ ሞለኪውሎች 500 ያህል በጫፍና በጫፍ ተያይዘው ቢሰለፉ የሚያክሉትን መንገድ አንድ አቅጣጫ ያስይዛል፤ ግድግዳውን የያዙት ሞለኪውሎችም ጎረቤቶቻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውም የቀሩትን ይስባሉ። በአሜሪካ በዉስተር ፖሊቴክኒክ ራጅራታን ባሱና ጀርማኖ ያናኪዮኔ ይህን ግንኙነት በጥንቃቄ ሲለኩ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ፤ ፈሳሹ ከልክ በላይ ሞቆ ሥርዓቱ ፈጽሞ ከፈረሰ በኋላ እንኳ፣ በቱቦዎቹ ዙሪያ ጥቂት የሥርዓት ደሴቶች ሳይፈርሱ ይቀሩና ለኤሌክትሪክ ኀይል ይታዘዛሉ። ከቱቦው ጋራ ያለው ትስስር ሙቀት ከሚያመጣው ሁከት በልጦ መገኘቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ ከዚህ ይልቅ ልቤን የነካው ውጤት የለም።

በማሳያ ላይ ያለውን ጥቅም በጊዜው ከመረመሩት መካከል በታይዋን የዌይ ሊ፣ በደቡብ ኮሪያም የሊ ሰንግ ሂ የምርምር ቡድኖች ይጠቀሳሉ። የታይዋኑ ቡድን በ2004 ባወጣው ጽሑፍ፣ እጅግ ጥቂት የካርቦን ቱቦ የተጨመረበት ጥምዝ ፈሳሽ ክሪስታል ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ቮልት ካልተጨመረበት እንደሚያንስ፣ በአዮን ምክንያት የሚመጣውም ተቃራኒ ኀይል እንደሚቀንስ አመለከተ፤ ኮሪያውያኑም በ2005 ከዚሁ ጋራ የሚስማማ ማስረጃ ጨመሩ። የቱቦው ግድግዳ ከክብደቱ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚንከራተቱት አዮኖች በላዩ ላይ እየተለጠፉ ይቀራሉ፤ ወደ ኤሌክትሮድ ሸሽቶ የሚከማቸው ሲያንስ፣ የታዘዘው ቮልት ሳይጎድል ወደ ሞለኪውሉ ይደርሳል። ፍጥነትን በሚመለከትም ብዙ ተመራማሪዎች የመነሻውም የመመለሻውም ጊዜ እንዳጠረ ጽፈዋል፤ የሚሰጡት ምክንያት ቱቦው የፈሳሹን የመለጠጥ ኀይል ያበረታል፣ ሞለኪውሎቹም ሲዞሩ የሚያጋጥማቸውን ዝልግልግነት ይቀንሳል የሚል ነው።

የሚጨመረው መጠን ከፈሳሹ ክብደት ከመቶ 0.01 እጅ አካባቢ ነው፤ በ100 ግራም ፈሳሽ ላይ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ማነሱ ቁጠባ አይደለም፤ ከልኩ ቢያልፍ በጎው ሁሉ ወደ ክፉ ይለወጣል። ቱቦዎች እርስ በርሳቸው ሲጠጉ፣ ግድግዳቸው ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ፣ ተሳስበው እንደ ጭድ ነዶ ይታሰራሉ፤ ነዶው ከነዶው ጋራ ሲገናኝም በዐይን የሚታይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ በዙሪያው ያሉትንም ሞለኪውሎች አቅጣጫ ያዛባል፤ ጥቁር መሆን በሚገባው መስኮት ላይ ብርሃን እያሾለከ ሥዕሉን ያደበዝዛል። ከዚህም የሚከፋው፣ ቱቦው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነውና፣ ከመስተዋት መስተዋት ያለው ርቀት 4 ማይክሮን ብቻ በሆነበት ቤት ውስጥ ረዥም ቱቦ ወይም የቱቦዎች ሰንሰለት ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ቢያገናኝ፣ ያ ነጥብ ተቃጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቱቦዎቹን አስቀድመው ያሳጥሯቸዋል፣ በሟሚ ውስጥ አድርገው በጆሮ በማይሰማ ድምፅ ለሰዓታት ያንቀጠቅጧቸዋል፣ ከፈሳሹ ሞለኪውል ጋራ የሚመሳሰል ጭራ በግድግዳቸው ላይ በኬሚስትሪ ይተክሉባቸዋል፤ ይህም ሁሉ ተደርጎ ቅልቅሉ በዕቃው ውስጥ ሲሰነብት ቀስ በቀስ ተመልሶ መያያዙ አልቀረም።

እዚህ ላይ በግልጥ መናገር ይገባል። በመስኩ የታተሙትን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ አንዱ ዝልግልግነቱ ቀነሰ ሲል ሌላው ጨመረ የሚል፣ አንዱ የመነሻው ቮልት ወረደ ሲል ሌላው አልተለወጠም የሚል ያገኛል። እኔ ይህን የተመራማሪዎቹ ድካም ከንቱ መሆኑን እንደሚያሳይ አድርጌ አላየውም፤ እንደሚመስለኝ አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ሁሉም በአንድ ስም የሚጠሩት ቱቦ በእውነቱ አንድ ባለመሆኑ ነው። በአንዱ ቤት ያለው ባለአንድ ግድግዳ፣ በሌላው ቤት ያለው ባለብዙ ግድግዳ ነው፤ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው ከመሥሪያው የተረፈ ብረት ያለበት ነው፤ ብረቱም ራሱ አዮን እየሆነ ወደ ፈሳሹ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ እድፍን ሊጠርግ የተላከው አገልጋይ እድፍ ይዞ ገባ ማለት ነው። ርዝመታቸውና አበታተናቸው ሳይለካ የሚጻፍ ውጤት የቱንም ያህል የሚያስደስት ቢሆን ሌላው ሊደግመው አይችልም፤ በዚህ ረገድ መስኩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከአዳዲስ ግኝቶች ይልቅ ርዝመቱና ንጽሕናው የታወቀ አንድ ዐይነት ቱቦ ነው።

ፋብሪካዎች በበኩላቸው ተቀምጠው አልጠበቁም። የመስተዋቶቹን ርቀት አጠበቡ፤ ሞለኪውሉ ቶሎ እንዲነሣ ለቅጽበት ከሚገባው በላይ ቮልት የሚሰጥ ዘዴ አበጁ፤ ከሁሉም በላይ የፈሳሹን ሞለኪውል ለወጡት። የግሬይ ሞለኪውሎች በጫፋቸው የያዙት የካርቦንና የናይትሮጅን ጥንድ አዮኖችን አቅፎ በፈሳሹ ውስጥ የማኖር ጠባይ ስላለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ትራንዚስተር በሚነዳበት በዛሬው መስኮት ውስጥ ቦታውን ፍሎሪን ላላቸው ሌሎች ሞለኪውሎች ለቋል፤ እነዚህ አዮንን አያቅፉም፤ የተሰጣቸውንም ኤሌክትሪክ እስከሚቀጥለው ትእዛዝ ድረስ ሳያፈሱ ይጠብቃሉ። አብዛኛው የካርቦን ቱቦ ጥናት ደግሞ የተሠራው በአምስት-ሲ-ቢና በኢ-ሰባት ላይ ነው፤ አዮን በበዛበት ፈሳሽ ላይ አዮን የሚጠርግ ነገር ትልቅ ጥቅም ማሳየቱ ስለማያስደንቅ፣ በጠራው ፈሳሽ ላይ ጥቅሙ ይህን ያህል እንዲሆን መጠበቅ አይገባም። ከዚህ የተነሣ ጥበቡ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ጥበብ ሆኖ መቆየቱን በቀላሉ እንረዳለን።

ከጤና በኩልም ችላ የማይባል ነገር አለ። በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ረዣዥምና ግትር የካርቦን ቱቦዎች በሰውነት ውስጥ አስቤስቶስ ከሚያስነሣው ጋራ የሚመሳሰል ቁጣ እንደሚያስነሡ አመልክቷል፤ በ2014ም በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ከባለብዙ ግድግዳዎቹ አንዱን ዐይነት ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ነገሮች ተራ አስገብቶታል። በሁለት መስተዋት መካከል በፈሳሽ ተይዞ የታሸገ ጥቂት ቱቦ ለተመልካቹ የሚያሰጋ አይደለም፤ የሚያሰጋው ደረቁን ዱቄት በእጁ ለሚመዝነው ሠራተኛና፣ ያረጀውን ቴሌቪዥን በባዶ እጁ ሰባብሮ ብረቱን ለሚለቅመው ድኻ ነው። አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሀብታም አገር ወደ ድኻ አገር እንደሚጫን የታወቀ ስለሆነ፣ ቱቦው ወደ ፋብሪካ ከመግባቱ አስቀድሞ ፍጻሜው የት እንደሚሆን መታሰብ ይኖርበታል።

እንዲህም ሆኖ ጥበቡ በቤተ ሙከራ ተቆልፎ የሚቀር አይመስለኝም፤ መጀመሪያ የሚገባበት በር ግን የቴሌቪዥን መስኮት ላይሆን ይችላል። ፈሳሽ ክሪስታል ዛሬ ከሥዕል ሌላ ሥራም አለው፤ የትኩረት ርቀቱ በኤሌክትሪክ የሚለወጥ መነጽር ይሠራበታል፤ የሬዲዮን ሞገድ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ለሚመራ አንቴናም ይውላል። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ የፈሳሹ ንጣፍ ከመስኮቱ እጅግ ይወፍራል፤ የመመለሻው ጊዜም ከላይ እንደተናገርነው ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚያድግ፣ 5 ማይክሮን የነበረው ንጣፍ 50 ማይክሮን ሲሆን ሞለኪውሎቹ ለመመለስ መቶ እጥፍ ጊዜ ይፈጃሉ። አንድ ማይክሮን የሚረዝም ቱቦ በዚያ ስፋት ውስጥ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የማገናኘት ዕድሉ እጅግ ያንሳል፤ ለዐይን የማይታየውን የሬዲዮ ሞገድ ለሚመራው አንቴናም ጥቂት ጥቁር ነጥብ ቢታይበት ሥዕል የለውምና የሚደበዝዝበት ነገር አይኖርም፤ የመለጠጥ ኀይልን የሚያበረታ ማናቸውም ረዳት ግን በዚያ ዋጋው ከሚሊ ሰከንድ አልፎ በሰከንድ ይቈጠራል።